የትኛው ጣቢያ

ባለፈው ጥቅምት ጭሮ ወላጆቼ ቤት ስደርስ የሳሎኑ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሰው ግን የለም። ገና በሩ ላይ ሳለሁ ሽታው ተቀበለኝ። የጋለ አቧራ፣ የቀለጠ እርሳስና የአሮጌ እንጨት ሽታ ነው። ይህ ሽታ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የሚሰማኝ ንዴት ነው፤ ናፍቆቱ ከኋላ ቀስ ብሎ ይደርሳል። ሻንጣዬን የማሳርፍበት ቦታ ፈለግሁ። ሶፋው ላይ ሆዱ የተከፈተ ሬዲዮ ተጋድሟል። ወንበሮቹ ላይ ሌሎች ሬዲዮዎች ተቀምጠዋል። ጠረጴዛው ላይ ሽቦ፣ ጥጥ፣ ብሎንና የሻይ ብርጭቆ አለ፤ ብርጭቆው ውስጥም ብሎን አለ።

ከመሃላቸው አንዲት የጎረቤት ልጅ እግሯን አጣጥፋ ትልቁ ሬዲዮ ፊት መሬት ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗን ከሬዲዮው ጠቋሚ መርፌ ላይ አልነቀለችም፤ ቀና ብላም አላየችኝም።

«አባባ የት አሉ?» አልኳት።

«ጣቢያ ናቸው።»

ሻንጣዬን እዚያው ጥዬ ሮጥኩ። ወዴት እንደሮጥኩ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን ይህች ቃል ቤታችን ውስጥ ምን እንዳደረገች መናገር አለብኝ። ታሪኩ በተወራ ቁጥር ጥፋቱ የሚላከከው በእኔ ላይ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ደግሞ ትዕግሥቴ ካለቀ ቆይቷል። ስሜ ራሱ ትዕግሥት ነው። ያወጣልኝ አባቴ ነው፤ ከእኔ ምን እንደሚፈልግ ከመጀመሪያውም ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። የድሮው ባቡር ገና በሚኤሶ በኩል ያልፍ ነበር። እናቴ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት፤ አባቴ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ሁለቱም ከጎጃም ጭሮ ተመድበው መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው። የእናቴ ታናሽ እህት ሰናይትም ከእኛ ጋር ትኖር ነበር። አንድ ሳሎን፣ አንድ መኝታ ቤትና ከጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችን። ጠባቧ ክፍል የሰናይትና የእኔ ነበረች። መኝታ ቤቱ የእናቴና የአባቴ። ሳሎኑ የሬዲዮዎቹ።

ዛሬ ሪሲቨር ሲባል ሰው የዲሽ ይመስለዋል። የአባቴ ሪሲቨሮች ግን ሌላ ናቸው። ጎናቸው እንጨት፣ ፊታቸው ብረት የሆነ፣ ሲበሩ መስታወታቸው ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ የሚያበራ፣ አንድ ሰው ብቻውን የማያነሳቸው ትልልቅ ስቴሪዮ ሬዲዮዎች ናቸው። በደጉ ጊዜ የባቡር ሠራተኞችና ነጋዴዎች ከጅቡቲ ያመጧቸው ነበር። በኋላ ትንንሹ ቴፕ ሲመጣ ሁሉም ወደ ጓዳ ተወረወሩ። አባቴ ከየጓዳው እየለቀመ አመጣቸው። አንደኛው ላይ ዶሮ ታቅፋበት ስለነበር ኩሱን በጥርስ ብሩሽ ስናራግፍ ሰነበትን። ይጠግናል አልኩ እንጂ ይፈታል ብል ይሻላል። ከአንዱ በቀር ገጥሞ የጨረሰው ሬዲዮ ትዝ አይለኝም። አንዱን ከፍቶ ሊጠግን ሲጀምር፣ መለዋወጫ ለመፈለግ ሌላውን ይከፍታል። ሁለተኛውን ሲያየው ከመጀመሪያው ይልቅ ያሳዝነዋል።

«ቤቴን የሬዲዮ ሆስፒታል አደረግኸው» ትለው ነበር እናቴ። «እኔ እንኳ በሽተኛ ሲድንልኝ አስወጣለሁ።»

«ሊድን ሲል እኮ ነው የምትናገሪኝ» ይላል እሱ፣ ቀና ሳይል።

የብየዳው ጭስ መጋረጃው ውስጥ ገብቶ ስለቀረ በታጠበ ቁጥር ውሃው ሳይቀር ይሸት ነበር። እናቴ ከጤና ጣቢያ ለቁስል ማጽጃ ብላ የያዘችው አልኮል የሬዲዮ ቁልፍ ማጠቢያ ሆነ። እንግዳ ሲመጣ ደጅ ላይ ቆሞ ይሸኛል። እኔ የቤት ሥራዬን አልጋ ላይ ተንበርክኬ ስለምሠራ ጽሑፌ ሁሌም ወደ ላይ ይወጣ ነበር፤ አባቴም ደብተሬን አይቶ መስመር ጠብቀሽ ጻፊ ይለኛል።

እኔንም ሠራተኛው አድርጎኝ ነበር። አንድ ቀን «ሮጥ ብለሽ እርሳስ ገዝተሽ ነይ» አለኝ። ገዝቼ መጣሁ። ቢጫ፣ ጫፉ ላይ ላጲስ ያለው ቆንጆ እርሳስ ነበር። እንዲያውም ደስ እንዲለው ቀርጬ ነው የሰጠሁት። አገላብጦ አየው።

«በዚህ ልበይድበት?» አለኝ።

የሚበየድበትም እርሳስ እንደሚባል ያን ቀን ሰማሁ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ከአንዱ ሬዲዮ ውስጥ ጥቃቅን ዕቃ እየነቀለ «ይሄ ሞቷል፣ ይሄም ሞቷል» እያለ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደረደራቸው። ሰው ሲሞት ምን እንደሚደረግ አውቃለሁ። ሁሉንም ሰብስቤ ጓሮ ፓፓያው ሥር ቀበርኳቸው፤ በላያቸውም ድንጋይ አኖርኩ። ማታ አባቴ አንደኛው አልሞተም ነበር ብሎ በባትሪ ሲቆፍር አመሸ። ሞተዋል ያለው እሱ፣ ቁጣ የወረደብኝ እኔ። የቤታችን ባሕርይ ይህ ነበር፤ ቃሉ ሌላ ትርጉም እንዳለው የሚነገርሽ ከተሳሳትሽ በኋላ ነው።

ጣቢያ የምትለው ግን ከሁሉም ትብስ ነበር። እናቴ «ጣቢያ እገባለሁ» ስትል ጤና ጣቢያ ነው። ጎረቤት «ጣቢያ ወሰዱት» ሲል ፖሊስ ጣቢያ ነው። ከሚኤሶ የሚመጣ ሰው ጣቢያ ሲል ባቡር ጣቢያ ነው። አባቴ ጣቢያ ሲል ግን ሬዲዮው ውስጥ የሚናገረውን ነው። «ጣቢያ ልፈልግ» ይላል። ድምፅ ሲጠራለት «ያዘው» ይላል፤ ሲጠፋበት «ለቀቀው» ይላል። እኔ የምውለው ከአባቴ ጋር ስለነበር ለእኔ ጣቢያ ማለት ያ ብቻ ነበር።

ጣቢያ ሲፈለግ አባቴ ጣራ ላይ ይወጣል። ከምሰሶው እስከ ፓፓያው የተወጠረ ሽቦ አለ፤ አንቴናው እሱ ነው። እኔ ታች ሬዲዮው ፊት እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ላይ ከጣራው ላይ «ያዘው?» እያለ ይጮህ ነበር። ተማሪዎቹ በአጥር በኩል ሲያልፉ «ቲቸር፣ እዚያ ላይ ምን ይሠራሉ?» እያሉ ሳቁበት። እናቴ ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። ከዚያ ወዲያ መጮህ ቀረ። አባቴ በጓሮው በኩል ባለው የጣራው ክንፍ ላይ፣ ከመንገድ እንዳይታይ ይጋደማል። ቆርቆሮውን ኳ ያደርጋል፤ እኔ ከታች «ያዘው» ወይም «ለቀቀው» እላለሁ። እናቴ ለእኔም ትእዛዝ ሰጠችኝ።

«አባትሽ ጣራ ላይ ነው ብለሽ ለማንም ሰው እንዳትናገሪ። ሰምተሻል?»

ሰምቻለሁ። ይህን ትእዛዝ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ፤ ታሪኩን የሚያወሩት ዘመዶቼ ሁሌ ይዘሉታል።

አክስቴ ሰናይት ያን ዓመት ታደሰ የሚባል የሚኤሶ ልጅ ወዳ ነበር። የእርሻ ባለሙያ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። ቤተሰቦቹ ሽማግሌ ላኩ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። አንደኛው የታደሰ አጎት ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቡር ላይ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ አንድ እግራቸውን የሚያነክሱ የሚኤሶ ሰው። ሁለተኛው የጭሮው የጫት ነጋዴ ሐጂ አብዶ፣ ሦስተኛው መምሬ ጥላሁን የሚባሉ ቄስ ነበሩ።

መጀመሪያ የመጡ ቀን እናቴ በሩን ገርበብ አድርጋ ወደ ሳሎኑ ዞራ አየች። የሚቀመጡበት አንድ ወንበር አልነበረም። አፈረች። «ዛሬ አይመችም፣ ሌላ ቀን ብትመጡ» አለቻቸው። እሷ ስለ ወንበር ነው የተናገረችው። ሽማግሌዎቹ ግን እንዳልተፈለጉ ቆጥረውት ሄዱ።

ሁለተኛው ከዚያም የባሰ ነበር። ያን ቀን የተቀበላቸው አባቴ ነው። ጋሽ ወልዴ ሲገቡ ጠረጴዛው ላይ የተበተነውን ሬዲዮ አዩና ደረቁ። የራሳቸው ሬዲዮ ነበር። በወጣትነታቸው ከጅቡቲ ያመጡት፣ ድምፁ ከጠፋ የቆየ፣ አባቴ እጠግነዋለሁ ብሎ ወስዶ ከዓመት በላይ ያስቀመጠው። ጋሽ ወልዴ ሬዲዮውን እንደ ሴት ልጅ ነው የሚጠሩት።

«እሷ ናት? እንዲህ አደረግሃት?»

አባቴ በዚህ ተደሰተ። የሚጠይቀው ሰው አገኘ። ሆዷን እያሳየ፣ የቱ እንደተቃጠለ፣ የቱ እንደሚቀየር ሲያስረዳ ረፋዱ አለቀ። ሐጂ አብዶ ማየት ፈልገው ጎንበስ ሲሉ ብረቱ ነዘራቸው። ከዚያ መብራት ሄደ፣ እነሱም ሄዱ። መምሬ ጥላሁን የመጡበት ጉዳይ ትዝ ያላቸው ከግቢው ከወጡ በኋላ ነው ይባላል። ከተሰነባበቱ ወዲያ ተመልሶ ልጅ መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው።

ያን ሰሞን ሰናይት ሹሩባ ስትሠራኝ ጸጉሬን እስከ ሥሩ ትጎትተው ነበር። ታደሰ ነግሯታል፤ ቤተሰቦቹ ሽማግሌ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ከእንግዲህ የሚልኩት። ሦስተኛው ካልሆነ ሌላ ቤት ይፈለጋል፤ እሷም እሱም ምንም ማድረግ አይችሉም።

«በሬዲዮ ምክንያት ቆሜ ልቀር ነው» ትላለች፣ ትጎትታለች። «በብረት ምክንያት።» እንደገና ትጎትታለች።

ቀኑ ለእሑድ ተቆረጠ። እናቴ ለአባቴ የመጨረሻውን ቃል ነገረችው፤ እሑድ ሳሎኑ ካልጸዳ ሬዲዮዎቹን አንድ በአንድ አውጥታ መንገድ ላይ ትደረድራቸዋለች። አባቴ ማለ። እሑድ ገና ጎህ ሳይቀድ ግን ምጥ የያዛት ሴት መጣች ተብላ እናቴ ወደ ሥራ ተጠራች። ጋዋኗን በክንዷ እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቆመች።

«ከቅዳሴ በኋላ ነው የሚመጡት። ስመለስ ወንበሮቹን ማየት እፈልጋለሁ። ወንበሮቹን።»

አባቴ ሁለት ሬዲዮ አንስቶ አልጋ ሥር ከተተ። ሦስተኛውን ሊያነሳ ሲል የጋሽ ወልዴን አየው። ገጥሞታል፤ የቀረው ጣቢያ መያዙን ማየት ብቻ ነው። ቆም ብሎ አሰበ። ፊቱን አየሁት፣ ሐሳቡም ገባኝ። ጋሽ ወልዴ ሲገቡ ሬዲዮዋ ብትናገር ከጸዳ ሳሎን አይበልጥም? ለእሱ ይበልጥ ነበር። ኮቱን እንደለበሰ መሰላሉን ወጣ።

ሰናይት አምራ ለብሳ ጠባቧ ክፍል ውስጥ በሩን ዘግታ ተቀምጣለች። የምትጠየቅ ልጅ ሽማግሌ ፊት አትወጣም። እኔ ሬዲዮው ፊት ነኝ። ቆርቆሮው ኳ ይላል፣ እኔ እመልሳለሁ። ያን ቀን አንድ ጉድ ነበር። ጣቢያው የሚይዘው አባቴ ሽቦውን በእጁ ሲጨብጥ ብቻ ነው። እጁን ሲያነሳ ይለቃል። ስለዚህ መውረድ አልቻለም።

ሽማግሌዎቹ ቅዳሴ ሳያልቅ መጡ። መምሬ ተረኛ አልነበሩም፤ ጋሽ ወልዴም ከሚኤሶ በማለዳ መኪና አግኝተዋል። ሦስቱም ነጭ ጋቢ ለብሰው በራችን ላይ ቆሙ።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ ሐጂ አብዶ፤ እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። «አባትሽ የት አለ?»

ጣራ ላይ ነው እንዳልል ተከልክያለሁ። ውሸት እንዳልናገርም ተከልክያለሁ።

«ጣቢያ ነው» አልኩ።

ሦስቱም ተያዩ።

«ማል ጄቴ? ምን አልሽ?»

«ጣቢያ ነው። ከጠዋት ጀምሮ።»

ቆርቆሮው ኳ አለ። መርፌውን አየሁ፣ ድምፁ ጠርቷል። «ያዘው» ብዬ ጮህኩ።

«ማነው የያዘው?» አሉ ሐጂ አብዶ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ኳ። ድምፁ ወደ ጩኸት ተለወጠ። «ለቀቀው!»

«ተመስገን» አሉ መምሬ።

ኳ። «እንደገና ያዘው!»

ሐጂ አብዶ ከእኔ ጀርባ ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡትን ሬዲዮዎች አዩ። «ወላሂ፣ ይሄ የኮንትሮባንድ ነገር ነው» አሉ። «ዕቃውን እዩት። መምህሩ ፖሊስ ጣቢያ ነው ያለው። ይይዙታል፣ ይለቁታል፣ ይይዙታል። እንሂድና ዋስ እንሁነው።»

«ምን ፖሊስ አመጣው?» አሉ መምሬ ጥላሁን፤ እሳቸው ሰሞኑን ስኳራቸውን ለመመርመር ጤና ጣቢያ ሲመላለሱ ነው የከረሙት። «ያዝ ለቀቅ የሚያደርግ ወባ ነው። ሚስቱስ እዚያው አይደል የምትሠራው? ይዛው ሄዳለች። ልጅቷ ሕፃን ናት፤ በሽታውን ስሙን አታውቀው።»

ጋሽ ወልዴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ባቡር ጣቢያ ነው የሄደው» አሉ። «እኛ ወደዚህ ስንመጣ እሱ ወደ ሚኤሶ ወረደ። ያዘው የምትለው ባቡሩን ነው። እንደምንመጣ እያወቀ ባቡር ይዞ ከሄደ ልጅቷን አልሰጥም ማለቱ ነው። ሦስት ጊዜ መጣን፤ ይበቃናል።»

ይህን ሁሉ ሰናይት ከግድግዳው ወዲያ ትሰማለች። ብትወጣ ነውር፣ ብትጮህ ነውር፤ ባትወጣም ትዳሯ መሄዱ ነው። እኔን ልትጠራ ግድግዳውን በጡጫ ኳ፣ ኳ አደረገችው። እኔ ምን ላውቅ? የአባቴ ኳ መሰለኝ፤ ድምፁም ጠፍቶ ነበር።

«ለቀቀው! ለቀቀው!» አልኩ በሙሉ ኃይሌ።

ሐጂ አብዶ ሳይለቁት ልድረስ ይሁን ከለቀቁት በኋላ ልቀበለው፣ ብቻ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ገሰገሱ። መምሬ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ጋሽ ወልዴ እግራቸው ስለሚያማቸው ከግቢው በር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ወደ ሚኤሶ የሚመልሳቸውን መኪና ሊጠብቁ ነው። ፊታቸውን ከቤታችን አዙረው ነበር የተቀመጡት። ከግድግዳው ወዲያ የሰናይት ሲቃ ተሰማኝ። እኔ ሥራዬን ትቼ መነሳት አልችልም፤ አባቴ ከቦታሽ ንቅንቅ እንዳትዪ ብሎኛል።

አባቴ እዚያ ላይ ሆኖ ምን እንዳደረገ አላውቅም፤ በኋላ እንደነገረን ሽቦውን በሁለት እጁ ጨብጦ ጥርሱን ነክሶ ነበር። ሬዲዮው ተከፈተ። ያን ዓይነት ድምፅ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ወፍራም ነበር፤ ተቀምጬበት የነበረው ወለል ተንዘረዘረ። የሚናገረው ሰውዬ ሳሎናችን ውስጥ ቆሞ ስለ ዝናብ የሚያወራ ይመስል ነበር።

ዞር ስል ጋሽ ወልዴ ከኋላዬ ቆመዋል። ግቡ ያላቸው የለም። ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን በእንጨቱ ላይ አኖሩት፤ እናቴ ትኩሳቴን ስትለካ ግንባሬን እንደምትነካው።

«እሷ ናት» አሉ። «ድምጿ ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «ማነው እንዲህ ያዳናት?»

«አባዬ።»

«የት ነው ያለው አልሽኝ?»

ስንት ጊዜ ልንገራቸው? «ጣቢያ ነው ብያለሁ እኮ» አልኩና በዚህ ጊዜ ጣቴን ወደ ላይ ቀሰርኩ። ጣራ ነው አላልኩም፤ ትእዛዝ አልጣስኩም።

ጋሽ ወልዴ አማተቡ። ነፍስ ይማር ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ቆርቆሮው ኳ አለ።

ቀና አሉ። ቆይተው እያነከሱ ወደ ጓሮ ዞሩ፤ እኔም ከቦታዬ ተነስቼ ተከተልኳቸው። አባቴ በደረቱ ተጋድሞ፣ ኮቱ ዝገት ጠጥቶ፣ ሽቦውን እንደ በሬ ገመድ ጨብጦታል።

«መምህር፣ ውረድ እንጂ።»

«ከለቀቅሁት ትጠፋለች፣ ጋሽ ወልዴ።»

«ትጥፋ ግድ የለም። ሰምቻታለሁ። ውረድ።»

አባቴ ወርዶ አብረው ሳሎን ሲገቡ ሐጂ አብዶ አንድ ፖሊስ አስከትለው ደረሱ። ፖሊሱ አልያዝንም፣ አልለቀቅንም ብሎ ቢነግራቸው አላመኑትም፤ እሱም ነገሩ ገርሞት አብሮ መጣ። ወዲያው መምሬ እናቴን ይዘው ገቡ። ጋዋኗን አላወለቀችም፣ እጇ አልኮል አልኮል ይሸታል። ባልሽ በወባ ወድቋል ተብላ ነው የሮጠችው። ባሏን ቆሞ አየችው። ከዚያ ወንበሮቹን አየች።

አሁን ደንቡ እንዲህ ነው። ሽማግሌ ቆሞ ይጠይቃል፤ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም። የልጅቷ ቤተሰብ በመጀመሪያ ቀን እሺ አይልም፤ ተመካክረን እንነግራችኋለን ብሎ ይሸኛል። እናቴ ይህን ንግግር ለብዙ ቀን ስትለማመደው ሰምቻታለሁ። ጎጃም ያለው ትልቁ ወንድሟ ሳይጠየቅ፣ ወግ ሳይደርስ አንዲት ቃል አትወጣም ብላለች።

አባቴ ግን ያያቸው የጋሽ ወልዴን እግር ብቻ ነው። ሽማግሌው ሲያነክሱ ቆመዋል። አንዱን ሬዲዮ ከወንበር ላይ አነሳ፣ ወንበሩን በኮቱ እጅጌ ጠረገ።

«ይቀመጡ፣ ጋሽ ወልዴ።»

«የመጣንበት ጉዳይ ሳያልቅ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ወልዴ፣ ቀጥ ብለው። «አሁን መልስህን እንፈልጋለን፣ መምህር። ትሰጠናለህ ወይስ አትሰጠንም?»

አባቴ ሬዲዮውን እንዳቀፈ በግርምት አያቸው። እንዲህ ቆመው የሚጠይቁት ነገር ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ገርሞታል።

«እሷማ የእርስዎ አይደለች እንዴ?» አለ። «እስከ ዛሬ ያቆየሁብዎም በእኔ ጥፋት ነው። አሁን ጤነኛ ናት፤ ዛሬውኑ ይውሰዷት።»

ሦስቱ ሽማግሌዎች በአንድ ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ወልዴ ወንበሩ ላይ፣ መምሬ ሶፋው ጠርዝ ላይ፣ ሐጂ አብዶ ደግሞ አንድ ትልቅ ሬዲዮ ላይ። እንጨቱ ጮኸ እንጂ አልተሰበረም። መምሬ መመረቅ ጀመሩ፤ ሐጂ አብዶ አሚን አሉ፤ ፖሊሱም ባርኔጣውን አውልቆ አሚን አለ። ከግድግዳው ወዲያ እልልታ ተሰማ። ሙሽራ ለራሷ እልል አትልም። ሰናይት አለች።

አባቴ የገባው ያን ጊዜ ነው። እናቴን አየ። እናቴም አየችው።

«እህቴን» አለችው በቀስታ፣ «ለሬዲዮ።»

ሠርጉ ለጥር ሆነ። እናቴ እስከ ዛሬ ድረስ አባቴ እህቷን በሬዲዮ እንደለወጣት ትናገራለች። አባቴ የምን ጉዳይ እንደሆነ መናገር የነበረባቸው ጋሽ ወልዴ ናቸው ይላል። ሰናይት ሁሌ ትስቃለች፤ ልጆቿን ሚኤሶ ላይ አሳድጋለች፤ ጋሽ ወልዴም ሬዲዮዋን ለሠርጓ ስጦታ ሰጥተዋታል። ሁሉም ተሳሳቀ፣ ሁሉም ተታረቀ፤ ጥፋቱ ግን ባለቤት ያስፈልገዋልና «ሽማግሌ በየጣቢያው የበተነች» እየተባልኩ የቀረሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን አንዲት የውሸት ቃል ከአፌ አልወጣችም። ያዘው ያልኩት ሲይዝ ነው። ለቀቀው ያልኩት ሲለቅ ነው።

እንግዲህ ባለፈው ጥቅምት የት እንደሮጥኩ ልናገር። ይህን ሁሉ ዓመት ቃሉ አሻሚ ነው፣ የሰማችሁት በየራሳችሁ ሐሳብ ነው እያልኩ የተከራከርኩት እኔ፣ ጣቢያ ናቸው ስባል አንዴም አላመነታሁም። ጤና ጣቢያ ነው የሮጥኩት። አባቴ ደም ግፊት አለበት፤ ባለፈው ክረምት ደጅ ላይ ወድቆ ነበር። እናቴ ሰናይት ጋ ሚኤሶ ወርዳለች። ብቻውን ነው ያለው። ባጃጅ ለማስቆም እንኳ ትዝ አላለኝም። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ስሙን ደጋግማ ፈለገች፤ እንደዚህ የሚባሉ ሰው ዛሬ አልመጡም አለችኝ። አልመጣም ማለት መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት መሰለኝ። የመጣሁበትን መንገድ ግራ ቀኙን እያየሁ ተመለስኩ።

ልጅቷ እዚያው ተቀምጣለች። በሩ ላይ ቆሜ ትንፋሼን ስሰበስብ ከላይ ቆርቆሮው ኳ አለ።

«ለቀቀው!» አለች ልጅቷ።

ምን እንደተሰማኝ ልናገር ብል አንድ ነገር አይደለም። ተናደድኩ። ደግሞም ልቅሶዬ መጣ። ወደ ጓሮ ዞርኩ። ያው መሰላል፣ ያው የጣራ ክንፍ፣ ፓፓያው ብቻ ሌላ ነው። አባቴ በዚያ ዕድሜው በደረቱ ተጋድሞ ሽቦ ጨብጧል።

«አባዬ፣ ውረድ።»

«መጣሽ? ሻይ ጠጪ። ሰናይት ከሚኤሶ የላከቻት ናት፣ የጋሽ ወልዴ ሬዲዮ። አርጅታ ተዘጋች። አሁን ልትይዝ ነው፤ ትንሽ ብቻ ቀራት።»

«ውረድ አልኩህ።»

«ሳይዝ አልወርድም። ይዟል? ስሚልኝ እስቲ።»

ከሳሎን የሚመጣውን ሰማሁ። ጩኸት ብቻ ነው፤ አሸዋ በወንፊት እንደሚነፋ ያለ ጩኸት።

«ይዟል» አልኩት። «ጥርት ብሎ ይዟል።»

ልጅቷ ተከትላኝ ወጥታ ነበር። ቀሚሴን ጎተት አደረገችው። «አልያዘም እኮ» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ዝም በይ» አልኳት።

አባቴ ሽቦውን ለቀቀ። እያቃሰተ ወደ ጠርዙ ተሳበና አንድ እግሩን ወደ ታች ዘርግቶ መሰላሉን መፈለግ ጀመረ። ሮጬ መሰላሉን በሁለት እጄ ጨበጥኩት።

«እንዳትለቂው» አለኝ።

«ይዤዋለሁ» አልኩት።